ለድንጋይ በር ዳገት የሚሆን ቦርሳ

ሰኔ 30 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ አንድ ካሜራ፣ ሦስት ሌንስ፣ አንድ ባለሦስት እግር ማቆሚያና አንድ ከሸራ የተሰፋ የጀርባ ቦርሳ ለመሥሪያ ቤቴ ንብረት ክፍል አስረክቤ ፈረምኩ። ጡረታ ወጣሁ።

ስለ ካሜራውና ስለ ሌንሶቹ ምንም አልተናገርኩም። ስለ ቦርሳው ግን ትንሽ ተከራክሬ ነበር። በልኬ ያሰፋሁት ነው፤ ለሌላ ሰው ጀርባ አይሆንም።

«እትዬ ጽጌ፣ ቁጥር ተጽፎበታል እኮ» አለ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ። የውስጥ ኪሱን ገልብጦ በነጭ ቀለም የተጻፈውን አሳየኝ። ልክ ነው። ቁጥሩን ያስጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ መስክ ላይ እንዳይጠፋ ብዬ።

ዕቃውን ማስረከቡ ባይሆን ኖሮ ስለ ቦርሳ የምጽፍበት ምክንያት አልነበረኝም። ነገር ግን ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ሴት ዘበኞቹን «ፎቶ የምታነሣዋን ሴትዮ» ብላ ጠይቃ ወደ ክፍላችን መጥታ ነበር። ስሟ የሺ ነው። ለቡ፣ ሴራሚክ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። የተወለደችው ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ድንጋይ በር የምትባል መንደር ውስጥ ነው። የመንደሩን ስም ስትጠራ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«እናቴን አግኝተሻት ነበር ይባላል» አለችኝ። «ፎቶዋ ካለ ብዬ ነው።»

«የለም» አልኳት። «አላነሣኋትም።»

«አባቴም እንደዚያው ነው የሚለው። እኔ ግን ምናልባት ብዬ...» ንግግሯን አልጨረሰችም። ሌላ ነገር አነሣች። «አባቴን ታነሺልኛለሽ? አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም እየሄደ ነው። በስልኬ ላነሣው ስል ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ‹ያቺ ሴትዮ አነሣችኋለሁ ብላለች፤ ስትመጣ ያኔ› ነው የሚለው።»

«ሌላ ፎቶ የለውም?»

«መታወቂያው ላይ አለ። ላብ በልቶት አፍንጫው ብቻ ነው የቀረው።»

ክረምቱ እንደወጣ፣ በጥቅምት፣ እንሄዳለን ተባባልን። አሁን መኪና እስከ ወንዙ ድረስ ይገባል፤ ድልድይም ተሠርቷል። ከወንዙ በላይ ግን አሁንም አራት ሰዓት በእግር ነው፣ ለዚያውም ለጎበዝ እግረኛ። እኔ ደግሞ ወገቤ ላይ ሁለት ዲስክ ተንሸራቶብኛል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የምሸከመውን ኪሎ እንድትወስንልኝ ስጠይቃት ሳታመነታ «ዘጠኝ» አለችኝ፣ ቦርሳውን ራሱን ጨምሮ።

ስለዚህ በጡረታዬ የመጀመሪያ ወር ያለኝ ሥራ ይሄ ሆነ፦ ለአንድ ሰው ፎቶ የሚያስፈልገውን ሁሉ በዘጠኝ ኪሎ ውስጥ የሚያስገባ፣ ዳገት ላይ ወገቤን የማይሰብር ቦርሳ ማግኘት። ይህን ሳስብ ደግሞ የሥራ ዘመኔ በሙሉ ከነቦርሳዎቹ ተግተልትሎ መጣ።

ጋዜጣው ቤት የገባሁት በጽሕፈት ማሽን ጸሐፊነት ነው። የፎቶ ማጠቢያው ጨለማ ክፍል ከእኛ ክፍል ጎን ነበር። የፎቶ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ዘለቀ እጅ ጽሑፉ አይነበብም ነበርና ከፎቶ ሥር የሚገባውን መግለጫ እየተናገረ እኔ እተይብለት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ፊልም ማጠብ፣ ከዚያ ማተም፣ ከዚያ ማንሣት አስተማረኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ያንኑ ቡናማ ጃኬት የሚለብስ ሰው ነበር። በእግር የሚኬድበት መስክ ሲሆን ሁሉም ሰው ከሚይዘው ግማሹን ብቻ ይዞ ይወጣል። የሱ ቦርሳ ከሰልባጅ የተገዛች ትንሽ የወታደር ቦርሳ ነበረች፤ በጀርባ እንድትታዘል ሁለት ማንገቻ ራሱ ሰፍቶባታል።

ሦስት ልማዶች ነበሩት፤ ሦስቱንም እስከ መጨረሻው ቀን ስሠራባቸው ኖሬያለሁ።

የመጀመሪያው፣ ከመስክ ሲመለስ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ቢሮ መጥቶ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፋል። የተነካውን ዕቃ ወደ ቀኝ፣ ያልተነካውን ወደ ግራ ያደርጋል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ግራ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሦስተኛ አይሄድም። «ሁለቴ ሳይሠራ የተመለሰ እንግዳ ነው» ይል ነበር። «እንግዳ ደግሞ በራሱ እግር ይሂድ፤ እኔ አላዝለውም።»

ሁለተኛው፣ ዓይንሽን ጨፍኚ ይለኝና በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ይቆጥራል። አምስተኛው ምት ላይ ካሜራው ከቦርሳ ወጥቶ፣ ክዳኑ ተነሥቶ እጄ ላይ መሆን አለበት። ስድስት ላይ ከወጣ ቦርሳው እንደገና ይዘጋል፣ እንደገና ይቆጠራል። አንድ ቀን አሥራ አራት ጊዜ ደጋግመን ሳለ ዋና አዘጋጁ በሩን ከፍቶ አይቶን መልሶ ዘጋው።

ሦስተኛው ደረጃ ነው። ሕንፃችን አራት ፎቅ ነበር። ከጉዞ በፊት ቦርሳውን ሞልተሽ ሁለቴ ትወጪያለሽ፣ ሁለቴ ትወርጃለሽ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ዘለቀ ከላይኛው ደረጃ ቆሞ ይጠብቅሻል። «ስምሽን እስከ አያት ንገሪኝ» ይላል። የአያትሽን ስም ሳትደርሺ ትንፋሽሽ ከተቆረጠ ሸክሙ በዝቷል ማለት ነው። አንድ ነገር ይወጣል። ምን እንደሚወጣ የምትመርጪው አንቺ ነሽ፤ የመውጣቱ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ያጠፋሁት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን መስክ ስላክ ጋሽ ዘለቀ የሄርኒያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አዲስ የመጣው አዘጋጅ «ሴት ልጅ ተራራ ላይ ምን ትሠራለች?» የሚል ሰው ስለነበር፣ ሌላ ሰው ከመምረጡ በፊት ልሂድ ብዬ ቸኮልኩ። ሥራው ድንጋይ በር ላይ ገበሬዎች ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው የሠሩትን ትምህርት ቤት ማንሣት ነበር። ከመርካቶ ሰልባጅ ተራ አንድ ትልቅ ሰማያዊ የተራራ ወጪዎች ቦርሳ ገዛሁ። ሳዝለው ከራሴ በላይ ይወጣል። ሲያዩት ያምራል። የሚከፈተው ግን በአናቱ በኩል ብቻ ነው፤ እንደ ጆንያ። ሁለት ካሜራ፣ አራት ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ማቆሚያ፣ ፊልም፣ ብርድ ልብስ፣ የሦስት ቀን ስንቅ ጨመርኩበት። ካሜራዎቹ እንዳይሰበሩ በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ ከታች አስቀመጥኳቸው።

ከመሄዴ በፊት ልጠይቀው ሆስፒታል ገባሁ።

«ስንት ኪሎ ነው?» አለኝ ሰላምታዬን ሳልጨርስ።

«ሃያ አንድ።»

«ደረጃ ወጣሽበት?»

«ጊዜ አልነበረኝም፣ ጋሼ።»

«ካሜራው የት ነው?»

«ከታች። በብርድ ልብስ ጠቅልዬው።»

«እንደኔ ተኝቷላ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። 

ሾፌራችን ተካ አስፋልቱ ዳር መኪናውን ይዞ ቀረ። እኔ ብቻዬን ወረድኩ፣ ወንዙን በድንጋይ ላይ እየረገጥኩ ተሻገርኩ፣ ዳገቱን ጀመርኩ። የቦርሳው የወገብ ቀበቶ ለወንድ ቁመት የተሠራ ስለነበር ከዳሌዬ አጥንት እየተንሸራተተ ሆዴ ላይ ይወጣል። ቀበቶው ሲላላ ሸክሙ በሙሉ ትከሻዬ ላይ ይወድቃል። ከወንዙ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደወጣሁ ከላይ ሰዎች ሲመጡ አየሁ። ቃሬዛ ነበር። አራት ሰዎች ተሸክመዋል፣ አራት ከኋላ ይከተላሉ።

ቃሬዛ መንገድ ላይ አይቆምም። ተሸካሚዎቹ ትከሻ የሚቀያየሩት እየሄዱ ነው። ያገኛቸው መንገደኛም የያዘውን ከመንገዱ ዳር አስቀምጦ ጥቂት ተሸክሞ ይሸኛል እንጂ እያየ አያልፍም። እኔ ሸክሜን ባስቀምጥ መልሶ የሚያሸክመኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ አላስቀመጥኩም። ወደ ዳር ጠጋ ብዬ ቆምኩ።

ለታመመችው ውሃ ሊሰጧት ለጥ ያለ ድንጋይ ላይ አንድ ጊዜ አሳረፏት። ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነበር፤ ትኩሳት ይዟታል። ስሟ አስካለ ነው። ባሏ ጌታነህ ራስጌዋ ቆሟል። ሕፃኗ ከአያቷ ጋር መንደር ቀርታለች። አስካለ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ እኔን ሳይሆን ቦርሳውን አየችው።

«ምንድን ነው እሱ ሁሉ?»

«ካሜራ ነው። የፎቶ ዕቃ።»

«እንግዲያ እኔን አንሺኝ» አለች። «ልጅቷ መልኬን ትየው።»

ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር። «አሁን ዝናብ ነው፤ ካሜራው ውሃ ይገባበታል» አልኳት። «ወንዙ ጋ፣ ከዛፉ ሥር አነሣችኋለሁ።»

«እሺ» አለች።

አነሷትና ሄዱ። እኔም ዞሬ ተከተልኩ። ቁልቁለት ላይ ከጀርባዬ የሚገፋኝ ሃያ አንድ ኪሎ ነበር። በየአሥር እርምጃው ድንጋይ ይዤ እቆማለሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ድምፃቸውም አይሰማኝም። ወንዙ ጋ ስደርስ በማዶ ያለው ጭቃ ላይ የእግር ኮቴ ብቻ ነበር። ወዲያው ዝናቡ በረታ፣ ውሃው ሞላ፣ እስኪጎድል ጠበቅኩ። አስፋልቱ ላይ ስደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። መኪናው የለም። ተካ አሳፍሯቸው ሄዷል። ሲመለስ ሞተሩን አጠፋ።

«አልደረሰችም» አለኝ። «ጤና ጣቢያው በር ላይ ሕይወቷ አለፈ።»

በማግስቱ ወደ ላይ አልወጣሁም። አዲስ አበባ ተመልሼ ለአዘጋጁ «ዝናብና የወንዝ ሙላት ስላጋጠመ ሥራው አልተሠራም» የሚል አንድ ገጽ ጻፍኩ። ፈረመበት፣ ወደ ፋይል ገባ።

ጋሽ ዘለቀ ሥራ የጀመረ ዕለት ሰማያዊውን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ሁሉንም አንድ በአንድ እያነሣ «ይሄስ?» እያለ ጠየቀኝ። ሁሉም ወደ ግራ ሄደ። ሲጨርስ የጠረጴዛው ቀኝ ጎን ባዶ ነበር። ስለ አስካለ ነገርኩት። ስለ ዝናቡም ነገርኩት። አልተቆጣኝም፣ አላጽናናኝምም። «ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር እንገናኝ» አለኝ።

ሀይሌ ጋርመንት የወሰደኝ ሽፈራው ከሚባል ሰው ዘንድ ነው። ሽፈራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ በኋላ የራሱን አንድ ማሽን ከፍቶ ድንኳን፣ የመኪና ወንበር ልብስና የተማሪ ቦርሳ ይሰፋ ነበር። ጀርባዬን አስዙሮ ሜትሩን አንገቴ ሥር ካለችው ጎላ ያለች አጥንት እስከ ዳሌዬ አጥንት ዘረጋ።

«ጋዜጠኞች ሸክማችሁ አፋችሁ ላይ ነው ብዬ ነበር እኮ» አለ። «ጀርባም አላችሁ ለካ።» ሜትሩን እያየ ቀጠለ። «የእህታችን ትከሻ ጠባብ ነው፤ ዳሌ ግን አላት። ዳሌ ይሸከም።»

«ይሄ ስድብ ነው ምስጋና?» አለ ጋሽ ዘለቀ።

«ልኬት ነው።»

ያን ቀን የተማርኩትን ዛሬም ቦርሳ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ቦርሳ የሚለካው በውስጡ በሚይዘው ሳይሆን ከአንገት እስከ ዳሌ ባለው ርዝመት ነው። የወገብ ቀበቶው የዳሌን አጥንት መጨበጥ አለበት፤ ሆድ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ጌጥ ነው። ማንገቻው ሸክሙን የሚያስጠጋ እንጂ የሚያንጠለጥል አይደለም። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ተጣብቆ፣ ከትከሻ አጥንት በታች ይቀመጣል። ታች ከሆነ ወደኋላ ይጎትታል፣ ላይ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ይደፋል። የካሜራው በር ደግሞ በጀርባ በኩል፣ ገላ በሚነካው ፊት ይከፈታል። እንዲህ ሲሆን ቀበቶውን ሳትፈቺ፣ ማንገቻውን ብቻ አውልቀሽ ቦርሳውን በወገብሽ ዙሪያ ወደ ፊት ታዞሪዋለሽ፣ ትከፍቺዋለሽ፣ ታወጫለሽ። መሬት አይነካም፣ የሚያሸክም ሰው አያስፈልግም። ታክሲ ውስጥም ከኋላ የቆመ ሰው እጁን አይሰድበትም።

ሽፈራው ለውጪው የጭነት መኪና ሸራ፣ ለስፌቱ የናይለን ክር ተጠቀመ። ለትከሻው የፍራሽ ስፖንጅ ሊያደርግ ሲል ጋሽ ዘለቀ በጣቱ ጫን አድርጎ አየውና «ሁለት ወር» አለ። በስፖንጁ ፋንታ ለነጠላ ጫማ የሚሆን ሶል ተቆርጦ ገባ። ያ ሶል እስካስረከብኩበት ቀን ድረስ አልተጨፈለቀም።

ያንን ቦርሳ አዝዬ ጎባ ሁለት ዓመት፣ ደሴ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ጎባ የነበረው አለቃዬ ለእያንዳንዱ ፊልም ቅጽ ያስሞላ ነበር፤ ቅጹ ከፎቶው ይበልጥ ነበር ማለት ይቻላል። የደሴው ደግሞ ቅጽ አይወድም፣ ስልክ ነው የሚወደው፤ ገደል ጫፍ ላይ ቆሜ «የት ደረስሽ?» ይለኛል። ሁለቱም ደህና ሰዎች ነበሩ። ደሴ ሳለሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ጎርፍ ሲመጣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሻገሩ አየሁ። ከማየቴ እስከ መጀመሪያው ፎቶ ድረስ በውስጤ ቆጠርኩ። አራት ነበር። ፎቶው የፊት ገጽ ላይ ወጣ። ጋሽ ዘለቀ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ ስልክ ደውሎ ስለ ፎቶው አንድም ነገር ሳይል «ስንት ቆጠርሽ?» ብቻ አለኝ። ነገርኩት። «እንግዲያው ደህና ሁኚ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ነው የኖረው። ቀብሩ ላይ ያንኑ ቦርሳ አዝዬ ነበር፤ ከመስክ በቀጥታ ስለመጣሁ።

ከዚያ ፊልም ቀረ፣ ጨለማ ክፍሉም ዕቃ ቤት ሆነ። አሁን ባልደረቦቼ ብዙውን ሥራ በስልካቸው ይሠራሉ። አልቃወምም፤ ስልክ ከኪስ ለመውጣት አምስትም አይፈጅበትም።

ወደ ዘንድሮው ልመለስ። ሐምሌ ውስጥ ነፋስ ስልክ ያለው ቤቴ ሳሎን ወለል ላይ የራሴን ዕቃ ዘረጋሁ። ሁለት ካሜራ፣ ሠላሳ አምስትና ሰማንያ አምስት ሚሊሜትር ሌንስ፣ ረጅሙ ሌንስ፣ ማቆሚያ፣ ፍላሽ፣ ላፕቶፕ፣ ከነባትሪዋ አንዲት ትንሽ የፎቶ ማተሚያ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ውሃ። በሻንጣ መመዘኛ አሥራ አራት ኪሎ ሆነ፤ ቦርሳው ገና ሳይገዛ።

አንድ ሱቅ ገብቼ በጣም የሚያምር ቦርሳ አየሁ። አሥራ ሁለት ኪስ አለው። ሻጯ ልጅ «እትዬ፣ ይሄ ለላፕቶፕ፣ ይሄ ለታብሌት፣ ይሄ ለፓስፖርት» እያለች አሳየችኝ። ባዶውን በመመዘኛዬ ሰቀልኩት። ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። አመስግኛት ወጣሁና በታክሲ ሀይሌ ጋርመንት ሄድኩ።

ሽፈራው አሁንም አለ። መንገዱ ሲሰፋ ሁለት ጊዜ ተዛውሮ፣ አሁን አንድ ሕንፃ ቤዝመንት ውስጥ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ አየኝ።

«ያ ቦርሳ የት ሄደ?»

«መንግሥት ወሰደው።»

«ቁጥር አስጽፈሽበት ነዋ» አለ፤ ማንም ሳይነግረው። «ነይ ዙሪ።»

እንደገና ለካኝ። ከአንገት እስከ ዳሌ ሁለት ሳንቲም አጥሬያለሁ። «ቁመትሽን የት ጣልሽው?» አለኝ። «ጎባ» አልኩት። በዚህኛው ከሸራ ይልቅ ቀለል ያለ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ መረጠ፣ ኪሶቹን ወደ ሁለት አወረደ፣ የጀርባውን በር እንደ ድሮው አደረገ። የሺም ከሥራ ወጥታ ከለቡ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ልሸከምልሽ እችላለሁ» አለች።

«ውሃና ስንቅ ያዢ» አልኳት። «ካሜራው ከኔ ጋር ይሄዳል።»

«ማተሚያዋስ? አንድ ኪሎ ነች። አዲስ አበባ አትመን እንላክለት።»

«እስኪደርስለት ዓይኑ ይጠብቃል?»

 ማተሚያዋ ቀኝ ላይ ሆነች። ረጅሙ ሌንስ፣ ማቆሚያው፣ ሁለተኛው ካሜራ፣ ላፕቶፑና ፍላሹ ግራ ላይ ሆኑ። ፍላሹ ላይ ቆይቻለሁ፤ የገጠር ቤት ውስጡ ጨለማ ነው። በመጨረሻ ሰውየውን በራፍ ላይ አነሣዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ሽፈራው ከላይ ካለው ሱቅ የአንድ አንድ ኪሎ የጨው ማሸጊያዎች አስመጣ፤ ቦርሳው ውስጥ ደርድሮ ዘጠኝ ሞላ። ሕንፃው አራት ፎቅ ነው። ሁለቴ ወጣሁ፣ ሁለቴ ወረድኩ። ሁለተኛውን ስጨርስ የሺ ሰዓት ይዛ፣ ሽፈራው እጁን አጣምሮ ቆመዋል።

«ስምሽን ንገሪን» አለ። እሱም ከጋሽ ዘለቀ የሰማው ነው።

ስሜን ተናገርኩ፣ የአባቴን ተናገርኩ፣ አያቴ ላይ ትንፋሼ ትንሽ ተቆረጠ።

«አያትሽን ቤት ትተሻቸው ሂጂ» አለኝና አንዱን ጨው አወጣ። በሱ ልክ ሹራቡና ሁለተኛው የውሃ ጠርሙስ በየሺ ቦርሳ እንዲሄዱ ተወሰነ። በስምንት ኪሎ እስከ አያቴ ደረስኩ።

ጥቅምት ውስጥ፣ ቅዳሜ፣ ከደብረ ብርሃን ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ከድልድዩ በእግር የጀመርነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የአራት ሰዓቱን መንገድ በአምስት ሰዓት ከአርባ ጨረስኩት። ሁለት ገበሬዎች በየተራ ቦርሳውን ሊቀበሉኝ ለምነውኛል፤ እንግዳ፣ ያውም ሴት፣ ተሸክማ ማየት ከብዷቸው። «የሥራ ዕቃ ነው» እያልኩ አለፍኩ። ቀበቶው ከዳሌዬ አልወረደም። ለጥ ያለው ድንጋይ ጋ ስንደርስ ለየሺ አሳየኋት። ጥቂት ቆማ አየችው፣ ከዚያ ቀደመችኝ።

አቶ ጌታነህ በራፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ድምፄን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው በደህናው ዓይናቸው ፈለጉኝ።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«ወንዙ ጋ ጠብቀንሽ ነበር እኮ።»

የሺ ጠላ የምትቀዳበትን ጣሳ እንደያዘች ቆመች።  ቃሬዛ አይጠብቅም ብዬ ነበር የማውቀው።

«አስካለ ‹ጠብቋት፣ ታነሣናለች› አለች» አሉ። «ከዛፉ ሥር አስቀመጥናት። ሰዎቹ አጉረመረሙ። እኔ ግን እሷ ያለችው ይሁን አልኩ። ኋላ ደመናው ሲከብድ ተሻገርን።»

«ዝናቡ ነው የከለከለኝ፣ አቶ ጌታነህ» አልኳቸው። «ድንጋዩ ጋ ሳገኛችሁ እያካፋ ነበር።»

«ዝናብ?» አሉ። አልተቆጡም፤ የረሳሁትን ዕቃ የሚያቀብሉኝ ይመስል ነበር አነጋገራቸው። «ዝናብ የለም ነበር። ወንዙን ስንሻገር ደረቅ ነበርን። ዝናቡ የመጣው አስፋልቱ ልንደርስ ስንል ነው።»

የሺ ጣሳውን አስቀመጠች። «አባ፣ አሁን ትነሣለህ?»

«ለዚያ አይደል የመጣችው?»

ማንገቻውን አውልቄ ቦርሳውን ወደ ፊት አዞርኩ። ካሜራውን አወጣሁ። ፀሐይዋ ወደ ማዶው ተራራ ማዘንበል ጀምራለች፤ ከጎን በኩል ፊታቸው ላይ ታርፋለች። በሰማንያ አምስቱ ሌንስ አሥራ አንድ ፎቶ አነሣኋቸው፤ ሰባቱን ለብቻቸው፣ አራቱን ከየሺ ጋር። ፊታቸውን አላዞሩም። ማተሚያዋ ሁለት ፎቶ አትማ ሦስተኛው ላይ ባትሪዋ አለቀ። የመጀመሪያውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ አባ።»

«አባቴን ነው የምመስለው» አሉ ፎቶውን ወደ የሺ እየዘረጉ። «አስቀምጪው። አታጥፊው።»

በማግስቱ ወረድን። የሺ ሁለተኛውን ፎቶ በደብተሯ መሐል አድርጋ ይዛለች፤ አሁን ለቡ፣ በተከራየችው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ከተመለስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የድሮ ማስታወሻ ደብተሮቼን ያስቀመጥኩበትን ካርቶን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። የዚያን ጉዞ ደብተር አገኘሁት። ገጹ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ጽሑፉ የራሴ ነው፤ ይነበባል።

7፡50 ቃሬዛ። ስምንት ሰው።

8፡05 ድንጋይ ላይ አረፉ። አስካለ፣ የጌታነህ ባለቤት። ፎቶ ጠየቀች። ፀሐይ።

9፡10 ወንዝ ደረስኩ። ማንም የለም።

9፡25 ዝናብ ጀመረ።